የላይብረሪ ሳይንስ ማስተርስ በኦንላይን፦ ፕሮግራም እንዴት ይመረጣል?

አሜሪካ ውስጥ በቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ሰው ሁሉ «ላይብረሪያን» አይባልም። መጽሐፍ የሚያውሰው፣ መደርደሪያ የሚያስተካክለው፣ የኮምፒውተር ተራ የሚያስይዘው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ረዳት ነው። የላይብረሪያንነት ማዕረግና ደመወዝ የሚሰጠው በዘርፉ ማስተርስ ላለው ነው። በረዳትነት ዓመታት የቆዩ ብዙ ሰዎች ወደ ኦንላይን ትምህርት የሚዞሩትም ሥራ ሳይለቁ፣ ቤት ሳይቀይሩ ይህን ዲግሪ ለመያዝ ነው። ዘርፉ በኦንላይን ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ጀምሯል፤ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ማስተርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሰጠው በኦንላይን ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አማራጩ በርካታ ስለሆነ ብዙ ሰው ምርጫውን ከዩኒቨርሲቲው ስም ወይም ከደረጃ ሰንጠረዥ ይጀምራል። እኛ የምንመክረው ከመጨረሻው እንዲጀምሩ ነው፤ ማለትም ሊቀጠሩበት ከሚፈልጉት ሥራ።

1. አሥር የሥራ ማስታወቂያ ይሰብስቡ

ሊኖሩ ባሰቡበት ክፍለ ግዛት የወጡ፣ ቢያገኟቸው በደስታ የሚይዟቸውን አሥር የላይብረሪያን ማስታወቂያዎች ያስቀምጡ። ቀናቸው ያለፈም ቢሆን ይጠቅማሉ። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩና የግድ የሚጠየቀውን፣ ቢኖር የሚመረጠውን እና የደመወዙን መነሻ ለየብቻ ይጻፉ። ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ውሳኔ ግማሹን ያቀልልዎታል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማስታወቂያ ከሆነ በመጀመሪያው ዓምድ ደጋግሞ የሚመጣው ሐረግ «በኤ.ኤል.ኤ. እውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ ማስተርስ» የሚለው ነው። ኤ.ኤል.ኤ. የአሜሪካ ላይብረሪ ማኅበር ነው፤ የተመሠረተው በ1876 ነው።

የትምህርት ቤት ላይብረሪያን መሆን የሚፈልጉ ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። እዚያ ዋናው ጉዳይ የክፍለ ግዛቱ የሙያ ፈቃድ ነው። ቴክሳስን ብንወስድ ማስተርሱ ብቻውን አያስቀጥርም፤ የሁለት ዓመት የክፍል ውስጥ ማስተማር ልምድ፣ የተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራምና የክፍለ ግዛቱ ፈተና ይጠየቃሉ። አጠቃላይ የላይብረሪ ማስተርስ ጨርሶ ወደ ትምህርት ቤት ለመግባት መሞከር በዚህ ምርጫ ውስጥ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ ውዱ ነው፤ ለፈቃዱ የሚያስፈልጉትን ኮርሶች ከምረቃ በኋላ እንደገና ከፍሎ መማር ያስከትላል። የአንዱ ክፍለ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የፈቃድ ሥልጠና እርስዎ ባሉበት ክፍለ ግዛት የሚሠራ መሆኑን ከራሱ ከክፍለ ግዛቱ የትምህርት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲው የምልመላ ሠራተኛ «ይሠራል» ማለቱ አይበቃም።

ወደ ማኅደር፣ ማለትም ወደ አርካይቭ ሥራ የሚያዘነብሉ ከሆነ የአሜሪካ አርካይቪስቶች ማኅበር ለፕሮግራሞች እውቅና እንደማይሰጥ ይወቁ። ስለዚህ ስንት የአርካይቭ ኮርስ እንዳለና የተግባር ልምምዱ የት እንደሚደረግ መመርመር የእርስዎ ፋንታ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማስተርሱ ሌላ የሕግ ዲግሪ ይጠይቃሉ።

2. እውቅናውን በዲግሪው ስም ያረጋግጡ

ኤ.ኤል.ኤ. የሚመረምረው አንድን የማስተርስ ፕሮግራም እንጂ መላውን ዩኒቨርሲቲ አይደለም። አንድ የትምህርት ክፍል እውቅና ያለው የላይብረሪ ማስተርስና እውቅና የሌለው የመረጃ አስተዳደር ወይም የዳታ ማስተርስ ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። የሁለቱ ማመልከቻ የሚሞላውም አንድ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኘውን የፕሮግራሞች ማውጫ ይክፈቱ፤ የሚያመለክቱበት ዲግሪ ሙሉ ስም ከማውጫው ጋር ቃል በቃል መግጠሙን ይመልከቱ። ኤም.ኤል.ኤስ.፣ ኤም.ኤል.አይ.ኤስ.፣ ኤም.ኤስ. ወይም ኤም.ኤ. ቢባል ልዩነት የለውም። ቀጣሪ የሚያየው እውቅናውን ነው።

ከስሙ ጎን የተጻፈውን ሁኔታም ያንብቡ። «ቀጣይ» ከሆነ ደኅና ነው። «ቅድመ ሁኔታ ያለበት» ከተባለ ፕሮግራሙ አሁንም እውቅና አለው፤ ነገር ግን በተወሰነ ጊዜ ማስተካከል ያለበት ጉድለት ተገኝቶበታል። ጉድለቱ ምን እንደሆነና ቀጣዩ ግምገማ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። ግምገማው እርስዎ ከመመረቅዎ በፊት የሚውል ከሆነ፣ ያንኑ ፕሮግራም የሚያስመርጥ ጠንካራ ምክንያት ከሌለዎት በቀር ሌላ ይፈልጉ። «ዕጩ» እና «ቅድመ ዕጩ» የሚሉት ገና እውቅና ያላገኙ ናቸው።

ሁለት ነገር ሰውን ያሳስታል። አንደኛው የ«አይስኩልስ» አባልነት ነው፤ የተከበረ የትምህርት ክፍሎች ስብስብ ቢሆንም አባልነት እውቅና አይደለም። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ እውቅና ነው። እሱም የግድ ነው፤ ያለ እሱ የፌዴራል ብድር አይገኝም፤ ዲግሪውም ዋጋ የለውም። ግን የኤ.ኤል.ኤ.ን ቦታ አይተካም። «ሙሉ እውቅና አለን» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ የማን እንደሆነ ይጠይቁ።

አውሮፓ ላሉ አንባቢዎች፦ በብሪታንያ ይህን ሥራ የሚሠራው ሲሊፕ የተባለው የሙያ ማኅበር ነው። በዌልስ የአቤሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ፣ በስኮትላንድ ደግሞ ሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲ በርቀት በማስተማር ይታወቃሉ። በአውስትራሊያ ቻርልስ ስተርት ዩኒቨርሲቲ አለ። ኤ.ኤል.ኤ. የእንግሊዝንና የአውስትራሊያን ማኅበራት እውቅና እንደ አቻ ይቀበላል፤ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የፈቃድ መሥሪያ ቤቶች ግን የየራሳቸው መስፈርት ስላላቸው በኋላ ወደ አሜሪካ የመሻገር ሐሳብ ካለ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

3. የሚወዳደረው ጠቅላላ ዋጋ ነው

የአንድ ክሬዲት ዋጋ ብቻውን ያሳስታል፤ የሚፈለገው የክሬዲት ብዛት ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ሲራክዩስና ኖርዝ ቴክሳስ 36፣ ኢሊኖይ 40፣ ሳን ሆዜ 43 ክሬዲት ይጠይቃሉ። ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ 63 ይላል፤ ግን እዚያ የሚቆጠረው በኳርተር፣ ማለትም ከሴሚስተር ባጠረ የትምህርት ወቅት ነው። የኳርተር ክሬዲትን ወደ ሴሚስተር ለመቀየር ለ1.5 ያካፍሉ፤ 63 ወደ 42 ይወርዳል።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል ሁለት የምሳሌ ዋጋዎች እንውሰድ። አንዱ በክሬዲት 550 ዶላር እያስከፈለ 36 ክሬዲት ቢጠይቅ ድምሩ 19,800 ይሆናል። ሌላው በክሬዲት 480 ብቻ ቢያስከፍልና 43 ቢጠይቅ 20,640 ይደርሳል። ርካሽ የመሰለው በ840 ዶላር በለጠ። በዚህ ላይ የቴክኖሎጂና የኦንላይን ትምህርት ክፍያ አለ። በክሬዲት 40 ዶላር ቢሆን እንኳ በ36 ክሬዲት 1,440 ዶላር ይጨምራል። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ በዋናው የዋጋ ገጽ ላይ አይታይም፤ የሚገኘው የተማሪዎች ሒሳብ ክፍል በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ ነው። የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ ያልሆነ የኦንላይን ተማሪ ስንት እንደሚከፍልም ይለዩ። አንዳንዶች ለሁሉም አንድ ዋጋ አላቸው፤ አንዳንዶች ከእጥፍ በላይ ይጠይቃሉ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? አሜሪካ ውስጥ ዜጎች፣ ግሪን ካርድ ያላቸው፣ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች የፌዴራል ብድር ማመልከት ይችላሉ። ለማስተርስ ተማሪ የዓመቱ ጣሪያ 20,500 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል፤ ስለዚህ የቆዩ የምክር ጽሑፎች «ቀሪውን በግራድ ፕላስ» ቢሉ አይመኑ። ከመበደርዎ በፊት አሠሪዎን ይጠይቁ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከግብር ነጻ ሊከፍል ይችላል፤ ብዙ የካውንቲና የዩኒቨርሲቲ መሥሪያ ቤቶችም እንዲህ ያለ ዕቅድ አላቸው። በመንግሥት ወይም ለትርፍ ባልተቋቋመ ድርጅት ሙሉ ሰዓት የሚሠራ ሰው ደግሞ ብቁ የሆኑ 120 ወርሃዊ ክፍያዎችን ከፈጸመ ቀሪው የፌዴራል ዕዳው ሊሰረዝለት ይችላል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛን ይህ በቀጥታ ይመለከተዋል።

በ2023 የአሜሪካ ላይብረሪያኖች መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 64,370 ዶላር ነበር። ጀማሪ ከዚህ በታች ያገኛል። በእኛ እምነት በዚህ ደመወዝ ላይ 50 እና 60 ሺህ ዶላር የማስተርስ ዕዳ መጫን አይገባም፤ እውቅናው እኩል እስከሆነ ድረስ አብዛኛው ቀጣሪ ከዲግሪው ምንጭ ይልቅ የሥራ ልምድዎን ነው የሚያየው።

4. ሰዓቱን በእጅዎ ይቁጠሩ

አንድ ባለ ሦስት ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል። ሙሉ ሰዓት እየሠሩ ሁለት ኮርስ መያዝ ማለት ከሥራ በኋላና ቅዳሜ እሑድ ተደምሮ እስከ 24 ሰዓት ነው። በአሜሪካኖቹ የወቅት አከፋፈል በመኸር ሁለት፣ በጸደይ ሁለት፣ በበጋ አንድ ከወሰዱ 12 ኮርስ በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ያልቃል። የበጋው ኮርስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ስለሚታጨቅ ቀላል መስሎዎ ሁለት አይያዙ፤ በየዓመቱ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ትምህርቱ በቀጥታ የሚሰጥ ነው ወይስ በራስ ጊዜ የሚከታተሉት? «ኦንላይን» የሚለው ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል። ይህ አዲስ አበባ ወይም ገልፍ አገር ላለ ሰው ወሳኝ ነው። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀመር ክፍል በክረምታቸው አዲስ አበባና ሪያድ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ዱባይ ላይ 9 ሰዓት ነው። የሰዓት አቆጣጠራቸው ሲቀየር በአንድ ሰዓት ይቀድማል። በሳምንት አንድ ሌሊት ይቻል ይሆናል፤ በሁለት ኮርስ ሁለት ሌሊት ለሁለት ዓመት ግን አይገፋም። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቦታ ያሉ ደግሞ ቪዲዮው ሊወርድ ይችል እንደሆነ፣ በቀጥታ መገኘት ነጥብ ይዞ እንደሆነ፣ ፈተናው በካሜራ ጥበቃ የሚሰጥ መሆኑን ይጠይቁ። «ኦንላይን» ተብለው ለትውውቅ ወይም ለአንዳንድ ኮርሶች ግቢ ድረስ የሚያስመጡ ፕሮግራሞችም አሉ።

5. የኮርስ ዝርዝሩ ውስጥ ይግቡ

በካታሎግ ላይ የተጻፈ ኮርስ ሁሉ አይሰጥም። ስለዚህ ያለፉትን ሦስት ሴሚስተሮች የክፍል መርሐ ግብር ያውጡና ከማስታወቂያዎቹ ያገኟቸው ሙያዎች በእውነት ስንት ጊዜ በኦንላይን እንደተሰጡ ይቁጠሩ። በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ ካመለጠዎ ምረቃው ይዘገያል፤ ወይም ያለ እሱ ይመረቃሉ።

በተለይ ካታሎጊንግን፣ ማለትም መጻሕፍትን መዝግቦ መመደብን ይመልከቱ። አንዳንድ ፕሮግራሞች የመረጃ አደረጃጀትን በአንድ የመግቢያ ኮርስ አሳልፈው በማርክ (የኮምፒውተር መዝገብ ቅርጽ)፣ በአር.ዲ.ኤ. (የአመዘጋገብ ደንብ)፣ በዲዊና በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት አመዳደብ ላይ እጅ ሳያፍታቱ ያስመርቃሉ። አማርኛ ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያን ኅትመቶች ይሰበስባል። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ተናጋሪዎችን ታገለግላለች። እነዚህን መጻሕፍት መዝግቦ ለአንባቢ የሚያደርስ ሰው ፊደሉንም ደንቡንም ማወቅ አለበት። የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም እንደማይመዘገብ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ በላቲን ፊደል መገልበጫው ሰንጠረዥ የተለያየ ምልክት እንዳላቸው፣ የአማርኛው ርእስ በፊደሉ በማርክ መዝገቡ 880ኛ መስክ እንደሚገባ ማወቅ የሚቻለው በተግባር የሚያሠራ ኮርስ ሲኖር ነው። በአባት ስም የተመዘገበ መጽሐፍ በደራሲው ስም ፈልጎ የሚመጣውን አንባቢ ባዶ እጁን ይመልሰዋል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ እያለ ማለት ነው። ከመግቢያው በተጨማሪ ቢያንስ አንድ ራሱን የቻለ የካታሎጊንግ ኮርስ በየዓመቱ የሚሰጥ ፕሮግራም ይምረጡ።

የመመረቂያ መስፈርቱም ይለያያል፦ አጠቃላይ ፈተና፣ የሥራዎች ስብስብ ወይም ጥናት። ዶክትሬት የሚያስብ ሰው ጥናታዊ ጽሑፍ የሚያስጽፍ ቢመርጥ ይሻለዋል። ለሥራ ፈላጊ ለቃለ መጠይቅ የሚያሳየው የሥራዎች ስብስብ የበለጠ ይጠቅመዋል።

6. የተግባር ልምምዱን ማን ያገኝልዎታል?

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርተው የማያውቁ ከሆነ ልምምድ የሌለው ፕሮግራም አይግቡ። ዲግሪ ያለው፣ ልምድ የሌለው አመልካች ብዙ ነው። ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሰዓት ነው። ቦታውን ዩኒቨርሲቲው ያገኝልዎታል ወይስ ራስዎ ይፈልጋሉ? ራስዎ ከሆኑ በዩኒቨርሲቲውና በተቀባዩ ቤተ መጻሕፍት መካከል ውል መፈረም ስላለበት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ቀደም ብለው ይጀምሩ። ውሉ በሕግ ክፍሎች ጠረጴዛ ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል። በረዳትነት የሚሠሩ ሰዎች በገዛ መሥሪያ ቤታቸው፣ በሌላ ክፍል፣ ሰዓቱን እንዲሞሉ ይፈቀድላቸው እንደሆነም ይጠይቁ።

7. ከአሜሪካ ውጭ ላሉ

የኦንላይን ማስተርስ የተማሪ ቪዛ አያስገኝም። በኤፍ-1 ቪዛ ያለ ተማሪ እንኳ ለሙሉ ሰዓት ትምህርቱ በሴሚስተር ሊያስቆጥር የሚችለው አንድ የኦንላይን ኮርስ፣ ማለትም ሦስት ክሬዲት ብቻ ነው። «በኦንላይን ይመዝገቡ፣ ቪዛው ይከተላል» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለመሥራት ከሆነ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠውን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የተሠራ ማስተርስ እንዴት እንደሚታይ መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ ባንክዎ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚፈቅድበትን አሠራርና የሚፈልገውን ሰነድም እንዲሁ። አገር ውስጥ ያለውንም አማራጭ ያነጻጽሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ትምህርት ቤት መሠረቱ በ1990 ለመላው አፍሪካ ተብሎ የተቋቋመው የማስተርስ ፕሮግራም ነው።

8. ሰነዱን ከስድስት ወር በፊት ይጀምሩ

ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ አመልካች የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በትራንስክሪፕት ነው። እጅዎ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ተቀባይነት የለውም፤ ዩኒቨርሲቲው አሽጎ በቀጥታ የሚልከው ኦፊሻል ነው የሚፈለገው። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያልተዘጋ ከሆነ ሬጅስትራሩ አይሰጥም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እሱን መዝጋት ነው። እርስዎ ውጭ ካሉ አገር ቤት ላለ ዘመድ ውክልና ይላኩ። የዲግሪዎን የአቻነት ግምገማ እንደ ደብሊው.ኢ.ኤስ. ያለ ድርጅት ሲሠራ ኮርስ በኮርስ የሚዘረዝረውን ዓይነት ይዘዙ፤ ጠቅላላው ዓይነት ርካሽ ቢሆንም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይመልሱታል። የመጀመሪያ ዲግሪዎ የሦስት ዓመት ከሆነ ፕሮግራሙ እንደ አራት ዓመቱ ይቀበለው እንደሆነ ከማመልከቻ ክፍያ በፊት ይጠይቁ።

ስምም ያስቸግራል። ትራንስክሪፕቱ ላይ የእርስዎና የአባትዎ ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ የአያትዎም ተጨምሮ፣ የእንግሊዝኛው አጻጻፍም ተለያይቶ ይሆናል። ሁሉንም አጻጻፍ ዘርዝሮ የአንድ ሰው መሆኑን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። የእንግሊዝኛ ፈተና ሲጠየቁም ዩኒቨርሲቲዎ በእንግሊዝኛ ያስተምር እንደነበር የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

የማመልከቻ ጽሑፉ ላይ «መጽሐፍ እወዳለሁ» ማለት ገምጋሚውን አያሳምንም። ለማን፣ በምን ዓይነት ቤተ መጻሕፍት፣ ምን ለመሥራት እንዳሰቡ ከሰበሰቧቸው ማስታወቂያዎች ቋንቋ ተነሥተው ይጻፉ።

በመጨረሻ ሁለት ወይም ሦስት ፕሮግራም ሲቀርዎት ለእያንዳንዱ አስተባባሪ አንድ ዓይነት ኢሜይል ይላኩ፦ ጠቅላላ ክፍያው ከነልዩ ልዩ ክፍያዎቹ ስንት ነው? ቀጣዩ የእውቅና ግምገማ መቼ ነው? እኔ የምፈልጋቸው እነዚህ ኮርሶች በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት መቼ ይሰጣሉ? በቀጥታ የግድ መገኘት ያለብኝ ስንት ሰዓት ነው? ልምምዱን ማን ያመቻቻል? በነባር መምህራን የሚሰጠው ስንት እጅ ነው? ባለሁበት ክፍለ ግዛት ወይም አገር ተማሪ ትቀበላላችሁ? አንድ ሳምንት ይጠብቁ። ለጥያቄው ሁሉ ቁጥርና ቀን ጠቅሶ የመለሰልዎትን ያስቀድሙ። የማስታወቂያ ብሮሸር አያይዞ ከመለሰው ጋር ግን ቦታ ማስያዣ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ጊዜ በስልክ ይነጋገሩ፤ ማስያዣው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስምና።